የኦቾሎው መቀመጫ ድንጋይ

ድንጋይ አላምንም፤ ላዩን ማለቴ ነው። ፀሐይና ዝናብ የበላውን ፊቱን ትቼ፣ በመዶሻ ሰብሬ ውስጡን ካላየሁ አይሆንልኝም። ኦቾሎ ላይ ጉድ ያፈላብኝ ይኸው አመሌ ነው።

ጂኦሎጂስት ነኝ፤ ከሰሜን መጥቼ አርባ ምንጭ ከከተምኩ ቆየሁ። ያን ሰሞን ለመንገድ ጠጠር የሚሆን ድንጋይ ፍለጋ እንዞር ነበር። ከአባያ ሐይቅ በላይ ያለው ሸንተረር ጥንት እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው። እዚያው ሸንተረር ላይ ካለችው ኦቾሎ መንደር ስንደርስ ሾፌራችን፣ የአገሩ ተወላጅ፣ ዘመድ ሊጠይቅ ገባ። እኔ ደግሞ ሜዳው ላይ ከተደረደሩት ድንጋዮች አንዱ ዓይኔ ገባና ጠርዙን ሰበርኩት። እሰይ! ውስጡ ድፍን፣ ስንጥቅ የሚባል የለበትም። ቁራጩን ከረጢት ውስጥ ከትቼ፣ ቁጥር ጽፌበት ለላቦራቶሪ ላክሁት።

በሳምንቱ ሾፌሩ ፊቱን አጥቁሮ መጣ።

"ምን ነካህ ወንድሜ? ዱቡሻ ላይ ነው እኮ የሰበርከው!"

ዱቡሻ ጋሞዎች ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት፣ የሚታረቁበት ሜዳ ነው። ድንጋዩ የአንድ ሽማግሌ መቀመጫ ኖሯል፤ ከአባታቸው የወረሱት። "የአባቴ ወንበር ጎድሎ አልቀመጥም" ብለው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ስብሰባውን ቆመው ይውላሉ። የተወሰደው ይመለስልኝ ብለዋል።

ምኑ ይመለስ! ላቦራቶሪው ፈጭቶታል።

ሌላ ቁራጭ ይዤ ልሂድ አልኩ፤ ማን ይለየዋል ብዬ። ያን ማሰቤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። በመጨረሻ የተረፈውን ዱቄት በፌስታል ቋጥሬ ወደ ኦቾሎ ወጣሁ።

ሽማግሌዎቹ መሃል ቆሜ ጥፋቴን ተናገርኩ፤ ሾፌሩ አስተረጎመልኝ። የድንጋዩ ባለቤት አዛውንት ምርኩዛቸውን ይዘው አጠገቡ ቆመዋል። ፌስታሉን ተቀብለው ውስጡን አዩ።

"ፈጭታችሁ ምን አገኛችሁበት?"

"ብረት አለበት፣ አባቴ። ከምድር ሆድ ቀልጦ የወጣ ነው።"

"መቼ?"

"ሰው የሚባል ሳይፈጠር።"

ጎንበስ ብለው የተሰበረውን ጠርዝ ዳሰሱ። አበቃልኝ፣ ዳግመኛ እዚህ አልረግጥም አልኩ በልቤ።

"ለካ እዚህ ድንጋይ ላይ አባቴም እንግዳ ነበር" አሉ።

ዱቄቱን የተሰበረው ጠርዝ ላይ አፈሰሱት። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ።