ጋቢ የለበሰው ላፕቶፕ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ላፕቶፕ ጥገና የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ጋሽ ታምራት ካቻቢቴ አላስጨበጡኝም። የሰጡኝ የቀለም ብሩሽ ነበር። «የማቀዝቀዣውን ፋን ጥረጊ። ያበጠ ባትሪ ካየሽ ግን እጅሽን ሰብስበሽ ጥሪኝ» አሉኝ። ለምን አልኩ። እኔ ለምን ሳልል ውዬ አላድርም። ባትሪው ከተበሳ እንደሚቀጣጠል ነገሩኝና በሩ ላይ ያለውን የአሸዋ ባልዲ አሳዩኝ።

ጋሽ ታምራት ሱቁን ለእኔ ከተዉልኝ በኋላ የኔታ ክንፉ የሚባሉ የቅኔ መምህር ከአንኮበር መጡ። የላፕቶፓቸው ባትሪ አብጦ ኪቦርዱን ወደ ላይ ገፍቶታል። ቀየርኩላቸው። ፋኑ ውስጥ የበግ ጠጉር ተሰግስጎ አገኘሁ፤ እየሳቅሁ አወጣሁት። የዚያን ቀን ሥራ በዝቶብኝ ነበርና ምንም ሳልጠይቅ ሸኘኋቸው።

በአራተኛው ወር ተመልሰው መጡ። አዲሱም ባትሪ አብጧል፤ ላፕቶፑ ጭራሽ አይነሳም።

«ልጄ፣ አስመስለው የሠሩትን ነው እንዴ የሸጥሽልኝ?»

ደሜ ፈላ። መርጬ ነበር የገጠምኩላቸው። መልስ ልሰጥ ስል ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ባትሪውስ ይቅር» አሉ። «መምህሬ የነገሩኝ የቅኔ ትርጓሜ እዚህ ውስጥ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ እሳቸው እየተናገሩ እኔ የጻፍኩት። እሳቸው ደግሞ አርፈዋል።»

«ሌላ ቦታ አልገለበጡትም?»

«የት ልገልብጠው ልጄ?»

ንዴቴ ወዲያው ጠፋ። ባትሪውን በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ቀስ ብዬ አንስቼ አሸዋው ውስጥ ከተትኩት። ጽሑፉ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ፈትቼ ከሱቁ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁት። ኮምፒውተሩ ዲስኩን እየፈለገ ሳለ ወደ ፋኑ ብመለከት፣ አሁንም የበግ ጠጉር!

«የኔታ፣ ቻርጅ ሲያደርጉት የት ያስቀምጡታል?»

«አጎዛዬ ላይ ነዋ። ጋቢም አለብሰዋለሁ። የኛን አገር ብርድ ታውቂው የለ? መስኮቱ ሥር ሳሳድረው ጠዋት ቶሎ ይሞትብኛል፤ ስንቴ አይቻለሁ።»

ሳቄን ዋጥኩት፤ እውነታቸውን ነውና። ብርድ ባትሪን ያደክማል። ይህን ማንም ሳይነግራቸው በራሳቸው ዓይን አይተው መረዳታቸው ገረመኝ። ያልደረሱበት፣ ባትሪ ሲሞላ ራሱ እንደሚሞቅና የላፕቶፑ ሙቀት የሚወጣው ከሥሩና ከጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች መሆኑን ነው። አጎዛው ከሥር ይደፍነዋል፣ ጋቢው ከላይ ያፍነዋል።

የሱቁን ደህና ላፕቶፕ ቻርጅ ላይ ሰክቼ፣ የለበሱትን ጋቢ ተቀብዬ እላዩ ላይ አኖርኩትና በጫፉ ሸፈንኩት። ጥቂት ቆይተን ሥሩን አስነካኋቸው።

«ውይ! ይሄማ ትኩሳት ይዞታል!» ብለው ገለጡት። ከዚያ በጥያቄ አጣደፉኝ። ጣውላ ላይስ? ትራስ ላይስ? ፀሐይ ላይ ባሞቀውስ? እኔን የሚመስል ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

በዚህ መሃል ዲስኩ ኮምፒውተሩ ላይ ታየ። ጽሑፉን ስከፍተው የኔታ የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብለው አነበቡና ዓይናቸውን በእጃቸው ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ። በሁለት ፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋቸው፤ አንዱን በደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ላፕቶፕ ቻርጅ የሚደረገው ጠንካራ ነገር ላይ፣ ሳይሸፈን ነው። ባትሪው ካበጠ ላፕቶፑ ከቻርጅ ይነቀላል፤ ባትሪውን አይጫኑትም፣ አይበሱትም። ይህን ለደንበኛ መንገር የጥገናው ሥራ አንድ ክፍል ነው። እኔ ያን ክፍል ስለዘለልኩት የአንድ ሟች ድካም ሊጠፋ ነበር።