ለእማዬ ሆድ የተገዛው ማጣሪያ

በዚያ ዘመን ሬዲዮው የንጹህ ውሃ ሽፋናችን ማደጉን ባበሰረ ቁጥር የላሊበላው ቧንቧችን ያፏጭ ነበር። ውሃ ሲመጣም ከቀይ ሻይ የሚለየው ስኳር ስለሌለው ብቻ ነው። ይህን የጠጣች እናቴን አሜባ አልጋ ላይ ጣላት። ታክማ ተነሣች፤ መልሶ ጣላት። ሐኪሙ በመጨረሻ ተቆጣ። «በዚህ ዕድሜ ሆዷ ሌላ ዙር አይችልም። ውሃውን ካልቀየራችሁ መድኃኒቱን አታድክሙት» አለኝ።

ወልድያ ወረድኩ። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባል ማጣሪያ አለ፣ ከውሃ ውስጥ ኃጢአት ሳይቀር ያወጣል ብለውኝ ነበር። የመጀመሪያው ባለሱቅ ሰርተፊኬት አወጣ። የማኅተሙ ብዛት! ወረቀቱ ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን ይመስላል።

«ምንድን ነው የሚያረጋግጠው?» አልኩት።

«ጥራት!»

«የምኑን ጥራት?»

«ጋሼ፣ የጥራቱን ነዋ!»

እኛ አገር ክብ ማኅተም ካረፈበት አህያም ዶክተር ይሆናል። ሁለተኛው ሱቅ ርካሽ ነበር፤ መለወጫ ፊልተሩ ግን ዱባይ ካልተሄደ አይገኝም። ሦስተኛዋ ነጋዴ አልፎከረችም። ሰርተፊኬቱ ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ከማጣሪያው ገላ ላይ ካለው ጋር አስተያይታ አሳየችኝ። መለወጫውም እዚያው ሱቋ በአቅሜ ይገኛል። «ብዙ ውሃ ያስወግዳል፤ እንዳትደነግጥ» አለችኝ። ገዛሁ።

እኔ አልደነገጥኩም። እማዬ ናት የደነገጠችው። ከትንሿ ቱቦ ንጹሁ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሌላው ቱቦ ተወጋጁ እንደ ክረምት ጎርፍ ይወርዳል። አንድ ለአምስት ተደራጁ ሲባል የሰማ ማሽን ነው፣ አንዱን ለማጥራት አምስቱን ያባርራል።

«አንተ! ይኼ ሁሉ ውሃ ይደፋል?»

«ቆሻሻው ነው እማዬ።»

«ቆሻሻስ አንተ! እኔ ለውሃ ስንት ገደል ወርጃለሁ!» ብላ እንስራዋን ከጎርፉ ሥር ደቀነች።

ለጌሾዋ ታጠጣዋለች ብዬ ተውኳት። ብዙም ሳይቆይ ሆዷ እንደገና ተነሣ። እኔም የወልድያዋን ነጋዴ ካለሁበት ሆኜ እስከ ሰባት ትውልዷ ሰደብኳት።

አንድ ቀን ለምሳ ስገባ የእናቴ የንስሐ አባት ተቀምጠዋል። በእጃቸው በብርጭቆ እንደ መስተዋት የጠራ ውሃ። እናቴ አጠገባቸው ሆና ከእንስራው በጣሳ እየቀዳች ትጠጣለች።

«እማዬ! ተወጋጁን ነው የምትጠጪው?»

«ታዲያ ልድፋው?»

«ንጹሁስ?»

«ለእንግዳ ነዋ! አባታችንን ድፍርስ ላጠጣ? አሳዳጊ የበደለኝ መሰልኩህ?»

ለካ የሰፈሩ ቄስ፣ ዲያቆን፣ ማኅበርተኛ ሁሉ አንጀቱን በኔ ማጣሪያ ሲያጥብ ከርሟል! እኔ ወልድያ ድረስ የወረድኩላት ታማሚ ከማጣሪያው የቀረውን አሜባ ሰብስባ ትጠጣለች። ከቧንቧው ብትጠጣ ይሻላት ነበር።

የሐኪሙን ቃል ለአባ ነገርኳቸው። «እኔ ብናገር ለግድግዳ ነው፤ አባታችን፣ እርስዎ ይዘዟት» አልኩ።

አባ ብርጭቆአቸውን አዩ። «ታዲያ ለኔ ምን ይቀርልኛል?»

«ጠላ።»

«ደግ ብለሃል» አሉና ወደ እናቴ ዞሩ። «ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከትንሿ ቱቦ የሚወርደውን ብቻ ትጠጫለሽ። እንግዳ የራሱን ያውቃል። ቀኖናሽ ይኼ ነው።»

ለሐኪም ያልተበገረችው ሴትዮ ጎንበስ ብላ መስቀል ተሳለመች። አንድ ብርጭቆ ሞልታ ጨለጠችና እሬት እንደቀመሰ ሰው ፊቷን አጨማደደች። «ጣምም የለው። ቀኖና መሆኑ ያስታውቃል» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሆዷ ጸጥ አለ። ሐኪሙ ሲያያት በደስታ ማጣሪያውን አመሰገነ። እናቴ ግን ከት ብላ ሳቀችበት።

«ማሽኑማ ውሃ ከመድፋት በቀር ምን ሠራ ልጄ? ያዳነኝ ቀኖናው ነው።»