ሰይድን ከሜዳ ያስወጣሁበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ሸዋ ሮቢት አንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ትንሽ ላርፍ ቆምሁ። ኳስ የሚያሰለጥነው ወጣት መምህር አንዱን ልጅ «ውጣ! ወደ ቤትህ ሂድ!» ብሎ ሲጮህበት አጥሩን ይዤ ቁጭ አልሁ። የልጅ ልጄ ፀሐይ የመታኝ መስሏት ውሃ ልትገዛልኝ ሮጠች።

እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ ብዬ ነበር። ጣሊያን ሲገባ አዲስ አበባ የምማርበት ትምህርት ቤት ተዘጋና ወደዚሁ ቆላ፣ አጎቴ ቤት ወረድሁ። የመንደሩን ልጆች ጠዋት ፊደል አስቆጥራቸዋለሁ፤ ሙቀቱ በረድ ሲል አውድማው ላይ በጨርቅ ኳስ አጫውታቸዋለሁ። ማሽላው ታጭዶ ሜዳው ሁሉ ገለባ ገለባ ይሸት ነበር። ልጆቹ ጥንቅሽ እያኘኩ ይመጣሉ።

መጀመሪያ ሁሉም ግር ብለው ኳሷን ብቻ ያሳድዱ ነበር። ቀስ በቀስ ቦታ ቦታቸውን አስያዝኋቸው፤ መቀባበል አስተማርኋቸው። ከሁሉም የሚበልጠው የአሥራ ሁለት ዓመቱ ሰይድ ነበር፤ ሲሮጥ የሚደርስበት የለም። ደምሴ ደግሞ ወባ ያደቀቀው ልጅ፣ ኳስ ስትመጣበት ዓይኑን ይጨፍናል። እሱም እንዲጫወት ብዬ አንድ ዘዴ አወጣሁ፤ ሰይድ ተከላካዮቹን ወደ ዳር ይስባል፣ ከዚያ ብቻውን ለቆመው ደምሴ ያቀብላል።

ያን ቀን ሰይድ ሦስት ጊዜ አላቀበለም።

«ለምን አልሰጠኸውም?» አልሁት።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ያበላሻታል!»

ደምሴ አንገቱን ደፋ። እኔ ተናደድሁ።

«እንግዲያው አንተም አትጫወትም። ወደ ቤትህ ሂድ!»

ሰይድ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ዞረ። «ጋሼ፣ ይተዉት፣ ይመለስ» አለኝ ደምሴ። አልሰማሁትም።

ሌላ ቀን ሁላችንም አብረን ነበር የምንመለሰው። ወደ ጣርማ በር የሚሠራውን መንገድ የሚጠብቁት ወታደሮች እኔን ከልጆቹ ጋር ሲያዩ ዝም ብለው ያሳልፉናል። ያን ሰሞን ግን አርበኞች አደጋ ጥለውባቸው ኮሽ ባለ ቁጥር ይተኩሱ ነበር። ይህንንም ሰምቻለሁ። ጨዋታው ሳያልቅ ሁለት ጥይት ጮኸ። ለካ በማያውቀው ቋንቋ ቁም ብለውት ሰይድ ደንግጦ ሮጧል።

ከቀብሩ በኋላ አባቱ ጋሽ ይማም ዘንድ ሄድሁ።

«ብቻውን የላክሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው።

«ምን አጠፋ?»

«ኳስ አላቀብልም አለ።»

«አላህ ይዘንለት» አሉ። «የቀሩትን በየቤታቸው አድርሳቸው።»

አደረስኋቸው፤ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ በየቀኑ አደረስኋቸው። ደምሴ ግን ከዚያ ወዲያ ሜዳ አልወጣም። ጋሽ ይማም ቢሰድቡኝ፣ ቢመቱኝ ኖሮ ምናልባት ይቀለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ሳስብ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ መልሼ ብጠራው ምን ነበረበት? ደምሴ ሲለምነኝ ሰይድ ገና ከአውድማው ጫፍ አልደረሰም ነበር።