በአጥሩ ሥር የጅብ ሽንኩርት

ፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ በኩል ሲገቡ በስተግራ፣ እናቴ በሚኖሩበት ግቢ፣ በአጥሩ ሥር የጅብ ሽንኩርት ነበረ። ቅጠል ሳያወጣ ያብባል። በሚያዝያ የመጀመሪያው ካፊያ በጣለ በሳምንቱ፣ ባዶ ከነበረው መሬት ጣት የሚያህል አገዳ ብቅ ይላል፤ በአገዳውም ጫፍ ቡጢ የሚያክል ቀይ ኳስ ይከፈታል። ቅጠሉ የሚከተለው አበባው መርገፍ ሲጀምር ነው። ከብት አይበላውም፤ ፍየል እንኳ አሽትታ ትተወዋለች። በልጅነቴ በዚያ ግቢ ብዙ ነገር ተከልክያለሁ፤ ያን ሥፍራ መርገጥ ግን ከሁሉም የከፋ ጥፋት ነበር። ምክንያቱ አልተነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በቤታችን የመጠየቅ መብት የነበራቸው እናቴ ብቻ ነበሩ።

ምክንያቱን የሰማሁት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በአፈር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪዬን ይዤ ተመልሼ ዩኒቨርሲቲ አስተምር ነበር። እናቴን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለገናና ለፋሲካ እጠይቃለሁ። ሦስት ቀን እቆያለሁ፤ አራተኛውን ቀን ሁለታችንም አንፈልገውም።

በዚያ ዓመት፣ በፋሲካ ማግስት፣ ከማዘጋጃ ቤት ሁለት ሰዎች መጥተው ሜትር ዘረጉ። መንገዱ ሊሰፋና ድንጋይ ሊነጠፍበት ስለሆነ አጥራችን አራት ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ቀለም የያዘው ሰውዬ ቀዮቹን ኳሶች ጎንበስ ብሎ አያቸው።

«እማማ፣ ይኸ ሽንኩርት ለወጥ ይሆናል?»

«ለአንተ ወጥ ይሆናል» አሉት እናቴ። «አንድ ራስ ነቅለህ ሂድ። ለአለቃህም አንድ ጨምርለት።»

ባልደረባው ሳቀ። ሰውዬው ግን እጁን ሰበሰበ። ማሽኑ የሚመጣው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ መሆኑን ነግሮን፣ በአጥሩ እንጨት ላይ መስመር አስምሮ ወጣ። እናቴ በሩን ዘጉ። የነገሩኝ ቆመው ነው፤ ቁጭ በይም አላሉኝ።

«እህትሽ እዚያ ናት» አሉ። «ካንች ጋር የተወለደች። በአሥራ አንድ ቀኗ ሞተች። ክርስትና ያልተነሣች ቤተ ክርስቲያን አትቀበርም፤ አባትሽ እዚያ ቀበራት። ሽንኩርቱን እኔ ከላይ ተከልሁበት፤ እሱ ባለበት ጅብ አይቆፍርም። አሁን ማሽን ሊሄድባት ነው። አውጭልኝ።»

ለሠላሳ ስምንት ዓመት ብቻዬን የተወለድሁ መስሎኝ ኖሬ ነበር።  የተናገርሁት ግን የማውቀውን ነው።

«እቴቴ፣ የእኛ አገር ቀይ አፈር ኮምጣጣ ነው። የአራስ ልጅ አጥንት በዚህ አፈር ውስጥ ይህን ያህል ዘመን አይቆይም። የሚያገኙት ነገር የለም።»

«እንግዲያው አፈሩን አውጭልኝ።»

በበነጋው ጧት ቆፈርሁ። አባቴ ከሞቱ ቆይተዋል፤ እናቴም ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀዱም። በርጩማ አውጥተው ሁለት እርምጃ ርቀው ተቀመጡ፤ አዲስ አቡጀዲ መሬት ላይ ዘረጉ። በአበባው ጊዜ የተነቀለ ራስ ለዓመታት ላያብብ እንደሚችል ነገርኋቸው። «ቆፍሪ» አሉኝ።

ራሶቹን የተከሏቸው በአንድ ስንዝር ጥልቀት ነበር አሉ። እኔ ያገኘኋቸው አንድ ክንድ ወርደው ነው።

«ወርደዋል» አሉ እናቴ።

የሽንኩርቱ ሥር በየዓመቱ እየተኮማተረ ራሶቹን ወደ ታች እንደሚጎትታቸው አስረዳኋቸው። እንዲህ የሚያደርግ ተክል ብዙ ነው።

«የሚስበው ሥሩ ነው?»

«ሥሩ ነው።»

«ይሁን» አሉ፤ የማያምኑትን እንግዳ እንደሚሸኙ፣ በትሕትና።

ሃያ ሰባት ራስ ወጣ። ሁለቱ የልጅ ጭንቅላት ያክላሉ፤ የቀሩት በዙሪያቸው የተዋለዱ ናቸው። ከዚያ በኋላ የጉድጓዱን ግድግዳ በቢላዋ ላግሁት። ይህን የማደርገው በልማድ ነው፤ ተማሪዎቼን የማስተምረውም ይህንኑ ነው። ያልተነካ ቀይ አፈር ወጥ ነው። ተቆፍሮ የተሞላ ጉድጓድ ግን ጥቁሩን የላይ አፈር ከቀዩ ጋር ቀላቅሎ ያስቀምጣል፤ ጠርዙም በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ ሆኖ ለዘመናት ይኖራል። ያ ጠርዝ ታየኝ። እስከ ጭኔ ድረስ በውስጡ ቆሜ በስንዝሬ ለካሁት። ርዝመቱ ለአራስ ልጅ በቂ ነበር። ወርዱ ግን ለአንዲት ልጅ እጥፍ ሆነብኝ።

«ጉድጓዱ ሰፊ ነው» አልሁ።

እናቴ የነጠላቸውን ጥለት ሲያስተካክሉ ቆዩ።

«ለሁለታችሁ ነበር ያስቆፈርሁት። ሁለታችሁም ታማችሁ ጡት ትታችሁ ነበር። አባትሽ ሁለት ጊዜ ከሚደክም አንዴ ይቆፍር ብዬ። እሷ ጎሕ ሲቀድ አረፈች። አንችን እስኪመሽ ጠበቅንሽ።»

«እስኪመሽ ብቻ?»

«ክፍቱን ማደር አይችልማ፤ ጅብ አለ። አንች እንቢ አልሽ። እሷን ብቻ አድርገን ደፈንነው።»

«ሽንኩርቱስ?»

«ከቡሬ በላይ ካለው የእናቴ ደብር ደን ሁለት ራስ አስመጥቸ ነበር። መጣል አልወደድሁም፤ ሁለቱንም ተከልሁ።»

ፀሐዩ በርቶ ነበር፤ በመንገዱ ላይ ባጃጅ ሲያልፍ እሰማለሁ። የግራ እግሬ በአንዱ ወገን፣ የቀኝ እግሬ በሌላው ወገን ቆሟል። አንዱ ቦታ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ባዶ ነው። ባዶነቱ በቀለም አይለይም፤ በጠረንም አይለይም። ከሁለቱም ወገን አፈር ቆንጥሬ በጣቴ አሸሁት።

«የእርሷ የትኛው ወገን ነው?» ስል ጠየቅሁ። የጠየቅሁት የሚወጣውን አፈር ለመለየት ነው።

እናቴ ከበርጩማቸው ተነሥተው ወደ ጉድጓዱ አዘነበሉ። መጀመሪያ ቦታውን፣ ቀጥሎ እኔን፣ እንደገና ቦታውን አዩ።

«አላውቀውም። ሲደፈን ዐይን ለዐይን የማያስተያይ ጨለማ ሆኖ ነበር። አፈሩ አይነግርሽም? ተምረሻል።»

«አይነግረኝም።»

«እንግዲያው ከሁለቱም አድርጊ።»

ከሁለቱም አደረግሁ። ከግራው ሦስት እፍኝ፣ ከቀኙ ሦስት እፍኝ በአቡጀዲው ላይ አኖርሁ። እናቴ አራቱን ጫፍ ይዘው አንድ ላይ ቋጠሩት፤ ተሸክመውትም ከጓሮ፣ መንገድ ወደማይደርስበት ወደ ጌሾው ሥር ወሰዱት። ዶማውን ይዤ ተከተልኋቸው። መሬቱን ጠርጌ፣ ከመጀመሬ በፊት ምን ያህል እንዳሰፋው ጠየቅኋቸው።

«እንደ ነበረው» አሉ።

በስንዝሬ እየለካሁ፣ እንደ ነበረው አድርጌ ቆፈርሁት።