አልጋ ሁሉ ክፍል አለው

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሣራ ከእኔ ቤት ወጥታ ገበያው አጠገብ ክፍል ተከራየች። ሥራዋ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ የመንገደኛ ሻንጣ ትመዝናለች። ደመወዝ የያዘ ወጣት የራሱን በር በራሱ ቁልፍ መክፈት ያምረዋልና አልከለከልኳትም። አልጋዋን የሰፈር ልጆች ባጃጅ ጣሪያ ላይ እግሩን ወደ ሰማይ አድርገው አሰሩት። እኔ ትራሱንና አጎበሩን ታቅፌ ውስጥ ተቀመጥኩ። የባጃጁ ልጅ በመስተዋት እያየኝ፣ «እማማ፣ ሙሽራ ይዘን የምንሄድ ነው የሚመስለው» አለኝ። «ሙሽራው እላይ ነው፤ ቀስ ብለህ ንዳው» አልኩት።

ስንደርስ አልጋው በበሩ አልገባ አለ። በጎኑ አዙረው ሞከሩት፣ አቁመው ሞከሩት። አከራይዋ ስልኳን ከጆሮዋ ሳታወርድ፣ «ቀለሙን እንዳትፍቁብኝ!» ትላለች። በኋላ አንዱ ልጅ ብሎኑን ፈታትቶ፣ ቁርጥራጭ አድርጎ አስገብቶ፣ ውስጥ ገጠመው። እኔ ማንጎው ሥር ተቀምጬ ብቻዬን ስስቅ ሣራ አየችኝና፣ «እኛ በላብ አለቅን፣ አንቺ ትስቂያለሽ!» ብላ ተቆጣች። ያኔ ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ ሙቀቱም፣ ሰዉም፣ ሁካታውም ለወሬ አይመችም ነበር። እዚህ ልጻፈው። ፊደል የለየሁት መዝሙር መጽሐፍ ላይ ነውና ነገሩን ከወዲያ ወዲህ ባንከራትተው አንባቢ ይታገሠኝ።

እናትና አባቴ ከደጋ በሰፈራ መጥተው ኢታንግ መንገድ ላይ ያለ መንደር ውስጥ ነው የኖሩት። እነሱ ሲሞቱ አጎቴ ዘንድ አደግሁ። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሴት ልጅ ቤት ውስጥ ስትቆይ ያሳስበዋል። ሚስቱ ለሞተችበት ለአንድ ጎረቤታችን ሊድረኝ ቃል መስጠቱን ስሰማ፣ በቆሎ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ ጋምቤላ ከተማ ገባሁ። አቧራው ቅንድቤ ላይ ተቀምጦ ስደርስ አሮጊት መስዬ ነበር። ዛሬ ያለ አቧራም እመስላለሁ።

ሥራ ወዲያው አገኘሁ፤ አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ። ያጣሁት ክፍል ነው። ወሩ የካቲት ነበር። የካቲት በጋምቤላ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። የባሮ ውኃ ይጎድላል፣ አሸዋው ይወጣል፣ ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሲመሽ ይተፋዋል። ቤት ውስጥ የሚያድር የለም። አመሻሽ ላይ ሜዳው ውኃ ይረጫል፣ አልጋው ሁሉ ይወጣል፣ አጎበሩ ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ በገመድ ይንጠለጠላል። ክፍል ማለት በበጋ የሻንጣና የድስት ማስቀመጫ ነው።

እኔን ያስጠጉኝ ጋሼ ኦጁሉና ሚስታቸው እማማ አሪያት ናቸው። ጋሼ ኦጁሉ አኙዋ ናቸው፤ በጉብዝናቸው ባሮ ላይ ጀልባ የቀዘፉ፣ ሲያረጁ በገዛ እጃቸው በጭቃ የመረጉትን በአንድ ረድፍ የተሠራ ክፍል የሚያከራዩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክርክር የሚወዱ። ዶሮ ያለ ሰዓቷ ብትጮህ ዶሮዋን የሚሞግቱ ሰው ነበሩ። ክፍሉ ሁሉ ተይዞ ስለነበር እማማ አሪያት ገመድ የተወጠረበት ጠባብ አልጋ አውጥተው ከማንጎው ወዲያ ዘረጉልኝና፣ «ክፍል እስኪለቀቅ እዚህ ተኚ። ዝናብ እስኪመጣ ሜዳውም ቤት ነው» አሉኝ። ኪራይ አልጠየቁኝም። ጠዋት ግቢ እጠርጋለሁ፣ ማታ ባሚያ እከትፋለሁ። በአሣ የተሠራ ባሚያ የወደድኩት እዚያ ቤት ነው፤ መጀመሪያ ዝልግልግነቱ አስጠልቶኝ ነበር።

ተኝቼ ወደ ሰማይ እያየሁ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዝናቡ ሲመጣ ሁሉም አልጋውን ይዞ ወደ ክፍሉ ይሮጣል፤ እኔ የት እገባለሁ? ከአጎቴ ቤት ሌላ የማውቀው ጣሪያ አልነበረኝም።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ የማዘጋጃ ቤት ሰው መጣ። ደምሴ ይባላል። ከደጋ የመጣ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በጋችንን አይቶ የማያውቅ ልጅ ነው። በሩ ላይ ቆሞ በሜዳው ላይ የተኛውን ሰው አየ።

«ይሄ ሁሉ ሰው እዚህ ነው የሚያድረው?» አለ።

ኛዳክ አጎበሯን ገለጥ አድርጋ ብቅ አለች። ኛዳክ ኑዌር ናት፤ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ጫፍ ላይ ያለውን ክፍል የያዘች፣ ምላሷ የማያርፍ። «አዎ። አንተስ የት አደርክ?»

«ቤት ውስጥ።»

«ውይ ወንድሜ! እንዴት ተረፍክ?»

ደምሴ አልሳቀም። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ አየ። ውስጥ ሰሌን ተነጥፏል፣ ልብስ ተሰቅሏል፣ ድስት ተደርድሯል። የውስጡ ነዋሪ ሌላ፣ የውጭው ነዋሪ ሌላ መሰለው። በማግሥቱ በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ፦ ባለቤቱ ከደንብ ውጭ ሜዳ ለማደሪያ ስላከራዩ ክፍል የሌላቸውን ሰዎች ያስወጡ፤ አለበለዚያ ግቢው ይታሸጋል።

ተከራያችን መምህር ጌታቸው፣ እኛ ቲቸር የምንለው፣ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ጋሼ ኦጁሉ ድገመው አሉት። ደገመው።

«ሜዳ አከራይተዋል ነው የሚለው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሜዳ የእግዚአብሔር ነው። እኔ የማከራየው የመረግሁትን ነው።»

ቲቸር ሰላም ወዳድ ሰው ነው። «ጋሼ፣ አልጋዎቹን ለጥቂት ቀን እናስገባና ነገሩ ይለፍ» አላቸው።

«ያላጣመምኩትን ለምን አቀናለሁ? ይልቅ ማመልከቻ ጻፍልኝ።»

ተያይዘው ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። በኋላ ቲቸር እንደነገረን፣ ጋሼ ኦጁሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከኃላፊው ፊት ቆመው፣ «በእኔ ግቢ አልጋ ሁሉ ክፍል አለው። ሲሞቅ ይወጣል፣ ሲዘንብ ይገባል። ይሄ ልጅ ሲወጣ አየ፣ ሲገባ አላየም» አሉ። ኃላፊውም፣ «እንግዲያው ኮሚቴ ይምጣ፤ አልጋው ሁሉ ሲገባ ይይ» ብሎ ወሰነ።

ጋሼ ኦጁሉ ከሩቅ እጃቸውን እያወዛወዙ መጡ። «አሸነፍን!»

«ገና ሳይመጡ?» አሉ እማማ አሪያት።

እኔ ግን እጄ ላይ የነበረው መጥረጊያ ከበደኝ። አልጋ ሁሉ ክፍል አለው ሲሉ እኔን ረስተውኝ ነበር? ወይስ እኔን ከእንግዳ ቆጥረው ከአልጋው መካከል አላስገቡኝም? እስከ ዛሬ አላውቅም። ኛዳክ ሁኔታዬን አይታ፣ «የኔ ክፍል አስገቢው» አለችኝ። «ባለቤቴና ልጆቹ በአንድ ጎን ይተኛሉ፣ አንቺ በአንድ ጎን፤ እኔ እንደ ሽመላ በአንድ እግሬ ቆሜ አድራለሁ።» ሳቅን። ግን ክፍሏ ውስጥ እንኳን አልጋ ወንበር የሚጨምር ቦታ እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ኮሚቴው አንድ ትርፍ አልጋ ካገኘ ጋሼ ኦጁሉ ይዋረዳሉ፣ ግቢውም ይታሸጋል። በእኔ ምክንያት ያ ሁሉ ቤተሰብ ደጅ ላይ ሲወድቅ ከማይ ብሄድ ይሻላል ብዬ ልብሴን በነጠላ ቋጠርኩ።

እማማ አሪያት ቋጠሮውን አዩት።

«ማን ሂጂ አለሽ?»

«ማንም።»

«ማንም ካላለሽ ነይ ባሚያውን ክተፊ።»

ኮሚቴው ረፋድ ላይ መጣ፤ ደምሴና ሁለት ትልልቅ ሰዎች። ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። ጎረቤቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ማንጎ እየላጠ ያያል። የኛዳክ አልጋ ገባ። ቀጥሎ ያለው ገባ። ከዚያ የቲቸር ተራ ደረሰ።

የቲቸር አልጋ በጣውላ የተሠራ፣ ሰፊ፣ ግቢው የሚኮራበት ዕቃ ነበር። አናጢው ማንጎው ጥላ ሥር ሁለት ቀን ቁጭ ብሎ በምስማር የመታው ነው። የተሠራው በበጋ፣ የተተኛበትም በዚያው በጋ። በሩ ውስጥ ገብቶ እንደማያውቅ ያስታወሰ ሰው አልነበረም፤ ቲቸር ራሱም ጭምር።

በጎኑ አሉ፤ እምቢ። አቁሙት አሉ፤ መቃኑን ነክሶ ቀረ።

«ቲቸር፣ አልጋህ ወፍሯል። ምን ታበላዋለህ?» አለች ኛዳክ።

ደምሴ እስክሪብቶውን አወጣ። «አባባ፣ ይሄ አልጋ ክፍል የለውም። በዚህ በር ገብቶ አያውቅም፤ ሊገባም አይችልም።»

እውነቱን ነበር። ጋሼ ኦጁሉ አልጋውን አዩ፣ በሩን አዩ፣ ገብተው መጥረቢያ ይዘው ወጡ። ኮሚቴዎቹ አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ። ቲቸር አልጋው የሚፈለጥ መስሎት፣ «ጋሼ፣ ኧረ በፈጠረዎ!» ብሎ እጁን ዘረጋ። ሽማግሌው ግን አልፈውት በሩ ጋ ደረሱና መቃኑን መቱት። ደግመው መቱት። ጭቃው ረገፈ፣ ቋሚው ወለቀ፣ አቧራው ሲበርድ በሩ የበሬ መግቢያ አክሏል።

«አስገቡት» አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

«አባባ፣ የገዛ ግድግዳዎን!» አለ ደምሴ።

«ግድግዳው የኔ ነው። መልሼ እመርገዋለሁ። አልጋው ገባ አልገባም?»

«ገባ።»

«ጻፍ።»

ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲያልቅ ሜዳው ላይ አንድ አልጋ ቀረ፤ የእኔ። በዚያ ሜዳ ላይ እንደዚያ ጠባብ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ደምሴ አየው። ጋሼ ኦጁሉም አዩት። ባርኔጣቸው ላይ ጭቃ አለ፣ እጃቸው ላይ መጥረቢያ።

«ይሄስ?» አለ ደምሴ።

ጋሼ ኦጁሉ መጥረቢያውን ለእማማ አሪያት አቀበሉና አልጋዬን አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ወደ ተከራዩ ክፍሎች አልዞሩም። በቀጥታ ወደ ራሳቸው ቤት ገቡ። እሳቸውና ሚስታቸው ብቻ ወደሚኖሩበት። ሲወጡ እጃቸውን እያራገፉ ነበር።

ደምሴ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። መልካችን እንደማይገናኝ ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። «ልጅዎ ናት?»

«በቤቴ የምትተኛ ልጅ ሌላ የማን ትሆናለች?»

ደምሴ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ሄዶ በሩ ላይ የለጠፈውን ወረቀት ራሱ ላጠው። ሲወጣ ግን፣ «ሌላ ቀን ብቅ ብዬ አያለሁ» አለ።

ማታ ሁሉም አልጋውን መልሶ አወጣ። የቲቸርም በሰፊው በር በክብር ወጣ። እኔም የእኔን መጎተት ስጀምር ጋሼ ኦጁሉ ከደጃፉ ተቀምጠው አዩኝ።

«ወዴት?»

«ወደ ሜዳው ነዋ።»

«ያ ልጅ እመለሳለሁ ብሏል። ቤት ውስጥ ነው የምትተኛው ብያለሁ፤ ቤት ውስጥ ተኚ።»

እማማ አሪያት ከትከት ብለው ሳቁ። «የሱን ቃል እንግዲህ አንቺ ልትተኚበት ነው!»

እንደዚያ ሆነ። የግቢው ሰው ሁሉ ውጭ ነፋስ ሲያገኝ እኔ ብቻ ቆርቆሮ ሥር እቀቀል ነበር። ደምሴ አንድ ጠዋት ብቅ ብሎ በበሩ አየኝ፤ በላብ ርሼ ስላየኝ ሳያዝንልኝ አልቀረም። ከዚያ በኋላም ከቤቱ ውጪ ያለኝ የለም። ግንቦት ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ግቢው በጩኸት ተሞላ፤ አልጋ ሲጎተት፣ ልጅ ሲጠራ፣ ኛዳክ ስትሳደብ ይሰማል። እኔ ተነስቼ ለማገዝ ስወጣ ነው ነገሩ የገባኝ። የእኔ አልጋ የሚገባበት ቦታ ፍለጋ የለም። ገብቶ ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ አጎቴ ሊወስደኝ መጣ። ጋሼ ኦጁሉ ወንበር ሰጡት፣ አሣ አበሉት፣ እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ፣ «በቤቴ የምትተኛ ልጅ የኔ ናት። ካላመንክ ማዘጋጃ ቤት ሄደህ ጠይቅ» አሉት። አጎቴ የመንግሥት ቢሮ የሚፈራ ሰው ነው። አሣውን አመስግኖ ተመለሰ። ከዚያ ቤት የወጣሁት በስንት ዓመት ነው፣ ስዳር። በሚቀጥለው በጋ ደምሴም አልጋውን ደጅ ማውጣቱን ኛዳክ በዓይኗ አይታ መጥታ ነግራናለች።

ሽማግሌው ያን ቀን አልጋዬን የተሸከሙት ለእኔ አዝነው ነው ወይስ ክርክሩን ላለመሸነፍ? አብሬያቸው በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አልጠየቅኳቸውም። የሚመልሱልኝ አይመስለኝም ነበር፤ ምናልባት እሳቸውም ለይተው አያውቁትም። ዛሬ እሳቸውም እማማ አሪያትም በሕይወት የሉም። ግቢው በአዲስ መልክ በብሎኬት ሲሠራ ያ ሰፊ በር ፈርሷል። በነበረ ጊዜ ግን ቲቸር ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ከሄደ በኋላም ማንም አላጠበበውም።

ቅዳሜ ማታ፣ እኔ ገና ቤቴ ገብቼ እግሬን ስታጠብ፣ ሣራ ደወለች። ድምፅዋ ያፈረ ሰው ድምፅ ነበር።

«እማማ፣ ክፍሉ እሳት ነው። ልጆቹን መልሼ ጠርቼ አልጋውን አስፈታሁት። ሜዳ ላይ ገጠሙልኝ።»

«ቁልፉ አንቺ ጋ ነው?»

«አዎ፣ ለምን?»

«አንቺ ጋ ከሆነ ተኚ» አልኳት። «መግቢያ ላለው ሰው ሜዳ ደስ ይላል።»