የቱ ጋ ነው የያዘህ?

ኮረብታውን እንድንይዝ ትእዛዝ የደረሰን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ዘጠኝ ላይ እንነሳለን ተባልን። አንድ ሰዓት ቀረን ማለት ነው። ልጆቼ፣ ከጦርነቱ ሁሉ ረጅሟ ያቺ ሰዓት ነች። ተኩስ ከተጀመረ በኋላማ ሰው ሥራ ይዟል።

በዚያች ሰዓት ሰውነታችን የማያመጣው ጉድ አልነበረም። አንዱን ጉንዳን ይወረዋል፤ መዳፉን ሲያይ ምንም የለም። የሌላው ጀርባ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይወርዳል፤ ሲዳስሰው ደረቅ ነው። የጋንታችን መሪ ሃምሳ አለቃ ደጀኔ ይህን ነገር አሳምሮ ያውቀዋል። የሱሉልታ ልጅ ነው፤ ከውትድርና በፊት ሯጭ ነበር። የውድድር ቀን መነሻው መስመር ላይ ሲቆም ከንፈሩ ይደነዝዝበታል። «ልሞት ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ጥዬ ወጥቻለሁ። ሰውነቴ ለሩጫው ተጨንቆ መቸኮሉ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው» ይለን ነበር።

ስለዚህ ከማጥቃት በፊት የራሱ ጥሪ ነበረው። በየተራ ስማችንን ይጠራና «የቱ ጋ ነው የያዘህ?» ይላል። «ጉልበቴን»፣ «አንገቴን» እያልን እንመልሳለን። መሳቅ ይፈቀዳል፣ መዋሸት አይፈቀድም። ምላሱን የያዘውን ሰው መልእክት አይልከውም። እጁን የያዘውን እስኪለቀው ከመትረየስ ያርቀዋል፤ ትከሻውን መታ አድርጎ «ጀባዱ» ይለዋል፤ በርታ ማለቱ ነው። ሲጨርስ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል።

ያን ቀን ከጋንታው የቀረነው አስራ አንድ ነበርን። የሽብሩ ተራ ደረሰ። ሽብሩ የሰበታ ልጅ ነው፤ መትረየስ ተኳሻችን። «ጆሮዬን። ውስጡ ወፍጮ ቤት ተከፍቷል» አለ። ሳቅን።

ቀጥሎ እኔ ነኝ። የሽብሩ ረዳት ሆኜ የጥይት ሰንሰለቱን የማቀብለው እኔ ነበርኩ። እዚያ ቦታ ለመድረስ ስንት ወር ውሃ ተሸክሜያለሁ። ከሽብሩ ጎን መተኛት ለእኔ ሹመት ነበር። ቀኝ እጄ ደግሞ ከጣቶቼ ጫፍ እስከ ክርኔ ደንዝዟል። እንዲህ ካልኩ ቦታዬን ለሌላ ይሰጥብኛል።

«ለማ፣ የቱ ጋ ነው የያዘህ?»

«ምንም አልያዘኝም።»

ሃምሳ አለቃ ትንሽ አየኝ። ከዚያ የሚቀጥለውን ጠራ።

ዘጠኝ ሰዓት። ተነሳን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ይላል። ይህን የሚነግራችሁ ጥቂት ሰው ነው፤ ስለሚያሳፍር። ልቤ እግሬን ቀድሞ ሊወጣ ነው። ሳሩ፣ ድንጋዩ፣ የፊተኛው ሰው ጫማ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ሽብሩም ከጎኔ እየሮጠ ይስቃል። የኮረብታው ወገብ ላይ ከአንድ ቋጥኝ ኋላ መትረየሱን ተከልን። ሽብሩ መተኮስ ጀመረ። እኔ አቀብላለሁ፣ አለከልካለሁ።

ድንገት ጣቶቼ ተሰበሰቡ። አውራ ጣቴ ወደ መዳፌ ገባ፣ አንጓዬ ታጠፈ። የታረደች ዶሮ እግር ሆነ በቃ። ልዘረጋው ብታገል እምቢ አለ። ሰንሰለቱ ተጠማዘዘ፤ መትረየሱ ዝም አለ።

«ለማ፣ ተመታህ?» አለ ሽብሩ።

ከንፈሬም ደንዝዞ መልስ አጣሁ። ሊያየኝ ቀና አለ። ቀና ያለው ትንሽ ነው። አንዲት ጥይት በቃችው።

ሃምሳ አለቃ እየተሳበ መጣ። የሽብሩን ዓይን ከደነ። እጄን አገላብጦ አየው፤ ደም የለም። ሰንሰለቱን ራሱ አጉርሶ እየተኮሰ፣ ፊቱን ሳያዞር «ትንፋሽህን አታባርረው። ትኩስ ሻይ ላይ እፍ እንደምትለው፣ ቀስ አድርገህ እፍ በል» አለኝ። እፍ አልኩ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ጣቶቼ አንድ በአንድ ተፈቱ። አቀበልኩት። አስር ሰዓት ከሩብ ላይ ኮረብታው ተያዘ። ስለ እጄ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

አሁን ቡራዩ የበርና የመስኮት ብረት እበይዳለሁ። ልጄ ሰብለ ዘንድሮ ከተማ ሥራ ጀመረች። አንድ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ታመመች ብለው ደወሉልኝ፤ ተሳፋሪዎች ክሊኒክ አድርሰዋታል። የብየዳ መነጽሬን ግንባሬ ላይ እንዳደረግኩ ሮጥኩ።

«አባዬ፣ ሽባ ልሆን ነው» አለችኝ። እጇን አየሁት። አውራ ጣቷ መዳፏ ውስጥ ገብቷል፣ አንጓዋ ታጥፏል።

ሐኪሙ ልቧንም ደሟንም መርምሮ «ያየነው ሁሉ ደህና ነው። ጭንቀት ሊሆን ይችላል፤ ትንፋሽ ሲፈጥን እጅ እንዲህ ይኮማተራል። ለማረጋገጥ ግን ተመልሳ ትምጣ» አለ። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ «ይቺን እጅ አውቃታለሁ» ብዬ ጮህኩ። ነርሷ ደነገጠች፤ አባትየውም ሊታከም ነው ሳትል አልቀረችም።

ሰብለ ግን አፈረች። ሥራ መሄድ ተወች። ጎረቤት ሲጠይቃት «ምንም አልሆንኩም» ትላለች። ያቺን «ምንም» አውቃታለሁ። የኔው ቃል ነች።

እሁድ ሱሉልታ ወሰድኳት። ሃምሳ አለቃ ደጀኔ ሸብቷል፤ ሜዳው ላይ ወጣት ሯጮች ያሰለጥናል። መነሻው መስመር ላይ አሰልፏቸው በየተራ «የቱ ጋ ነው የያዘህ?» ይላል። «ሆዴን»፣ «ጥርሴን» ይላሉ። ሰብለ አፏን ከፍታ ቀረች። እኔ ሄጄ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆምኩ።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦ ለማ» ብሎ ሰላም አለኝ እየሳቀ። የምቀልድ መስሎታል። «አንተንስ የቱ ጋ ነው የያዘህ?»

«እጄን። የዚያን ቀንም እጄን ነበር።»

ሳቁን ተወ። «ብትነግረኝ ኖሮ ከሽብሩ ጎን ሌላ ሰው አስቀምጥ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

አይዞህ አላለኝም። ቀኝ እጄን ግን ያዘ፤ እንደያዘውም ወደ ልጄ ዞረ።

«አንቺስ፣ ልጄ?»

ሰብለ ጫማዋን አየች። «እጄን» አለች። ቀና ብላ «ከንፈሬንም።»

«ወዴት ልትሮጪ ነው?»

«ሥራ።»

ሯጮቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ከስንት ቀን በኋላ ጥርሷን አየሁ፤ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። ሰኞ ጠዋት አስራ ሁለት ተኩል ላይ ታክሲ ተሳፈረች። በመስኮቱ ሳያት ቀስ አድርጋ እፍ እያለች ነበር።

አስራ አንድ ወጣን፣ ሰባት ወረድን። አንገቱን የያዘው አንዱ፣ ጉልበታቸውን የያዛቸው ሁለቱ፣ ጆሮውን የያዘው ሽብሩ እዚያው ቀሩ። አራቱም እውነቱን ተናግረው ነው የወጡት። የዋሸሁት እኔ ወርጃለሁ።