በሬዎቹ ያስታረቋቸው መቀናጆዎች

ዓርብ ንጋት፣ ወገዳ

ገና አልነጋም፤ ሚኒባሷ ግን ጢም ብላለች፤ ሰው፣ ዶሮ፣ የሽንብራ ከረጢት። ትናንት ከመካነ ኢየሱስ ስነሳ የአክስቴ ልጅ ያዋሰችኝን የአጫጭር ልቦለዶች መጽሐፍ ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። ወይ ጉድ፣ እንዴት እንደወደድኩት! አንዱ ታሪክ ላይ ከእስቴ የጠፋ ፍየል አውቶቡስ ተሳፍሮ ደብረ ታቦር ይገባል። ሌላው ላይ የወገዳ ፀጉር ቆራጭ፣ ራሰ በራ ደንበኞቹ ፀጉር እንዲያበቅሉለት ለታቦት ይሳላል። የሁሉም መጨረሻ ደስ ይላል።

መንገድ ላይ

መንገዱ ኮረኮንች ነው። ቴፑም ተበላሽቷል።

"አንቺ እቴ፣ ለብቻሽ ከምትስቂ ጮክ ብለሽ አንብቢልን" አለኝ ሾፌሩ ጌታነህ።

አነበብኩ። ሁለት ጎረቤታሞች አንዳንድ በሬያቸውን አቀናጅተው ሲያርሱ ኖረው፣ "ዝናብ ሲጥል ማን ቀድሞ ይረስ" በሚል ይጣላሉ። በሬዎቹ ግን አጥር እየጣሱ አብረው ያድራሉ።

"ኧረ አስታርቋቸው!" አለች የዶሮዋ ባለቤት። "የየት ቀበሌ ሰዎች ናቸው?"

"ዛሬውኑ ሽማግሌ እንላክ" አለ ጌታነህ። ልቦለድ ነው ማለቱን ሆን ብዬ ተውኩት።

ፊት የተቀመጡት ሽማግሌ፣ አያ ደሴ፣ ዘወር አሉ። "ማን ነገረሽ? ቀድሞ የነካኝ እሱ ነው!" ጣታቸው የኋላውን ወንበር ያመለክታል።

"ውሸታም! አምና አንተ ቀደምክ፤ ዘንድሮ ተራው የኔ አልነበረም?" አሉ ከኋላ አያ ታከለ።

ለካ ሁለቱ የእውነት መቀናጆዎች ናቸው! ከተኳረፉ ወዲህ መሬታቸው ጦም አድሯል፤ ክረምቱ ደግሞ ደርሷል። ለየራሳቸው ሁለተኛ በሬ ሊገዙ፣ አያ ደሴ የልጅ ልጆቻቸው ወተቷን የሚጠጡላትን ላም፣ አያ ታከለ በጎቻቸውን ሁሉ ለሽያጭ ወደ አርብ ገበያ አስነድተዋል። አንጀቴን በሉት።

መጽሐፉን ዘጋሁት።

"መጨረሻውስ?" ሰዉ ተንጫጫ።

"እነዚህ ሳይታረቁ አላነብም!"

"ይቺ ነገረኛ!" አሉ አያ ታከለ። ጌታነህም መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ።

ሰዉ ለመናቸው፣ ተቆጣቸው። በመጨረሻ አያ ታከለ ተነስተው ወደ ፊት መጡ። "እሺ፣ ዘንድሮም አንተ ጀምር። ብቻ ይቺ ልጅ ታንብብልን።"

"የለም፣ ተራው ያንተ ነው።"

"አንተ ቅደም አልኩህ!"

አሁን ደግሞ በዚህ ሊጣሉ ሆነ። ቶሎ ብዬ ጨረስኩላቸው፤ የመጽሐፉ ሰዎች በሬዎቻቸውን አፍረው ይታረቃሉ።

"እኛ ቀደምናቸው!" አሉ አያ ደሴ።

ከሰዓት፣ አርብ ገበያ

ጌታነህ ለመልስ ሲጭን ሁለቱ በሰው መሀል ብቅ አሉ። በሬ የለም። አንድ አዲስ ቀንበር ግራና ቀኝ ይዘዋል።

"ላሚቱስ?" አልኳቸው።

"ከበጎቹ ጋር ወደ ቤቷ መለስናት" አሉ አያ ደሴ። ከዚያ ወደ መኪናው ጣሪያ እያዩ ጮሁ፦ "ጫፉን ያዝ እንጂ ታከለ! ለብቻዬ እንዴት ላወጣው?"